ያውቁ ኖሯል? ከደብረ ታቦር ማኅሌት እስከ ደረቀ ትከሻ

ስለ ደብረ ታቦር የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ጋፋት ወርዶ ሴባስቶፖልን ካልነካ የጎደለው ይመስለዋል። ዛሬ መድፉን ለታሪክ ጸሐፊዎቹ ትተን ስለ ትከሻ፣ ስለ አንገት፣ ስለ ወገብ እናውጋ። በትልልቅ ከተሞች በክፍያ የሚሰጠው ዝግ ያለና ሰውነትን የሚያዳምጥ እንቅስቃሴ በደቡብ ጎንደር ደጋ ሌላ ስምና ሌላ ዓላማ ይዞ ከኖረ ቆይቷል።

፠ አለቃ ገብረ ሐናን አገር የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኒህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ግን ከቀልዳቸው ያላነሰ ዕድሜ ያገኘ ሌላ ሥራ አላቸው፤ አዲስ የዝማሜ ስልት። ሲተረክ እንደኖረው፣ አለቃ የጣናን ሞገድና በዳሩ ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሸንበቆ እያዩ ነው መቋሚያውም ሰውነቱም እንደዚያው እንዲወዛወዝ ያደረጉት። ውኃ አይቶ የገጠመ ሰው ሞልቷል። ውኃ አይቶ ትከሻና ወገብ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ለትውልድ ያስተማረ ግን ከእሳቸው ሌላ ማንን እንጠራለን?

፠ ስልቱ የሚጠራው በልጃቸው በተክሌ ስም ነው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ነገር በጄ አላሉም ይባላል። ተክሌ ከአባቱ የተማረውን ይዞ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ሌላው አገር ተዛመተ። ዛሬም ተክሌ አቋቋም ሲነሣ ቀድማ የምትጠራው ደብረ ታቦር ናት።

፠ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ፣ ለተክሌ አቋቋም ደብረ ታቦር። ሦስቱም የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው።

፠ ማኅሌት ሰውነትን በድንገት አያስነሣም። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም ዝም ብለው ድምፅ ብቻውን ይሄዳል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፣ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ይሻገራል። በመረግድ ከበሮው ይገባል፣ ጉልበት ይላላል። ጽፋት ላይ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። የስፖርት አሠልጣኞች ማሟሟቂያ እያሉ የሚደክሙበት ነገር እዚህ በሥርዓቱ ውስጥ ነው ያለው። በእኔ ግምት ዋናው ጉልበቱ ድግግሞሹ ላይ ነው፤ አንዱ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሲመጣ ሰውነት መታገሉን ይተዋል፣ ትርፍ ጉልበት የሚያወጣው ጡንቻ ሥራ ይፈታል። ይህን ስል ማኅሌት ጂምናስቲክ ነው እያልሁ አይደለም። ለትከሻው ጤና ብሎ ማኅሌት የቆመ ደብተራ የለም፤ የቆመው ለምስጋና ነው። ሰውነት ግን ዓላማውን ባይጠየቅም ድርሻውን ይወስዳል።

፠ ሰው ከተኛበት ሲነሣ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ ታች፣ ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ደሙ እዚያው ይጠራቀምበታል፤ በሰልፍ ላይ ወታደር ድንገት የሚወድቀው በዚህ ነው። ደሙን ወደ ላይ የሚመልሰው የባት ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ታዲያ ከምሽት እስከ ንጋት የሚቆም ካህን ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ባቱ ሌሊቱን ሙሉ ደም እየገፋለት ነው።

፠ መቋሚያ የሚደገፉት ዱላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የጄካና የላክነር ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል፤ የቆመ ሰው 100 ግራም በማይሞላ ኃይል በጣቱ ጫፍ ብቻ አንድ ነገር ቢነካ፣ የሰውነቱ መወላወል ደገፍ ብሎ የያዘን ያህል ይቀንሳል። ሚዛን የሚጠብቀው ድጋፉ ሳይሆን በጣት በኩል ለአንጎል የሚደርሰው ወሬ ነው። መቋሚያውን አንቆ የያዘ ወጣትና በሁለት ጣት ያህል ያዝ ያደረገ አዛውንት ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ቀድሞ እንደሚደክም መገመት አያቅትም።

፠ የደጋ ገበሬ መንገድ ሲሄድ ዱላውን በማጅራቱ አግድሞ ሁለት እጁን ከላይ ያንጠለጥላል። አንድ ክንድ የሰውነትን ክብደት 5 ከመቶ ያህል ይመዝናል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በየጎኑ 3 ኪሎ ቀኑን ሙሉ ከትከሻው አንጠልጥሎ ይዞራል። ዱላው ያን ሸክም ይቀበለዋል፣ ደረቱም ይከፈታል። ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የዋለ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ቢሞክር አይከስርም፤ መጥረጊያ እንጨትም ይበቃል።

፠ ዓይንዎን ጨፍነው የአፍንጫዎን ጫፍ በጣትዎ ይንኩ። ሳያዩ እንዴት አገኙት? በጡንቻና በጅማት ውስጥ የተቀበሩ ጥቃቅን መልእክተኞች እጅዎ የት እንዳለ ያለማቋረጥ ለአንጎል ይነግራሉ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ይህን ስሜት እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሮፕሪዮሴፕሽን ብሎ ሰየመው። በ2021 ደግሞ ቤይሩት ተወልዶ ያደገው አርዴም ፓታፑቲያን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲካፈል፣ ከሥራዎቹ አንዱ ፒዬዞ 2 የተባለው ፕሮቲን ለዚህ ስሜት ወሳኝ መሆኑን ማሳየቱ ነበር።

፠ በ19 ዓመቱ በሕመም ምክንያት ከአንገቱ በታች ይህን ስሜት ያጣ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ጡንቻው ደኅና ነው፤ ግን እጅ እግሩ የት እንዳለ አያውቅም። እንደገና መራመድ የቻለው ዓይኑን ከእግሩ ሳይነቅል እያንዳንዱን እርምጃ በማሰብ ነው። መብራት ከጠፋ ይወድቃል።

፠ ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትንንሽ የአንገት ጡንቻዎች በእነዚያ መልእክተኞች ብዛት ከሰውነት ጡንቻዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት ናቸው፤ ከዓይን ጋርም አብረው ይሠራሉ። "አንገቴ ተቆለፈ" የሚል ሰው ዓይኑም አንድ ቦታ ተተክሎ ውሎ እንደሆነ ይጠይቁት። አሁኑኑ ይሞክሩት፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አንገትዎን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ ሳይታገሉ የደረሱበትን ቦታ ልብ ይበሉ፣ ይመለሱ። ቀጥሎ አንገት ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይን ወደ ግራ ይሂድ፤ አምስት ስድስት ጊዜ፣ በዝግታ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ያዙሩ። ብዙ ሰው ከቅድሙ አልፎ ይሄዳል። ጡንቻው በደቂቃ ውስጥ አልረዘመም፤ አንጎል ነው ፈቃዱን የሰጠው።

፠ ይህን መሰል ትምህርት ካስፋፉት አንዱ ሞሼ ፌልደንክራይስ (1904–1984 እ.ኤ.አ.) መሐንዲስና የጁዶ ሰው ነበር። እግር ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ጉልበቱ አላስቆም ሲለው ነው የራሱን እንቅስቃሴ እንደ ማሽን መመርመር የያዘው። የሚያስተምረው አብዛኛው ነገር መሬት ላይ ተጋድሞ የሚሠራ፣ ትንሽና ዝግ ያለ ነው።

፠ ሌላው አውስትራሊያዊው ፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደር (1869–1955) ተዋናይ ነበር። መድረክ ላይ ድምፁ እየተዘጋ አስቸገረው። ሐኪም መፍትሔ ሲያጣለት መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲናገር አየ፤ ለካ አፉን ሊከፍት ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እየሳበ ጉሮሮውን ያፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሙከራ 579 የወገብ ሕመምተኞችን አሳትፎ ነበር። 24 ጊዜ የአሌክሳንደርን ትምህርት የወሰዱት ከዓመት በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ወገባቸውን የሚያማቸው 3 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ የቆዩት 21 ቀን ያማቸው ነበር።

፠ ሁሉም ግን እንዲህ አላማረም። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ግምገማ ዮጋን፣ ታይቺን፣ ፌልደንክራይስንና ሌሎችን ጨምሮ 17 ዓይነት የተፈጥሮ ሕክምና የሚባሉትን መርምሮ ለአብዛኞቹ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ጥናቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ነበሩ። "ሁሉን በሽታ ያድናል" የሚል አሠልጣኝ ከገጠመዎ ኪስዎን ጠበቅ ያድርጉ።

፠ የትከሻ ብራኳ ከደረት አጽም ጋር በአጥንት የምትገናኘው በአንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው፤ በማጭድ አጥንቱ በኩል። ሌላው ሁሉ ጡንቻ ነው፤ 17 ያህል ጡንቻ ይያያዝባታል። ስለዚህ ትከሻ እንደልቡ ይሄዳል፤ ጭንቀት ሲመጣም ቀድሞ ወደ ጆሮ የሚሰቀለው እሱ ነው። አሁን የጎንደርን እስክስታ ያስቡ። ወገብ ረግቶ፣ እግር ብዙም ሳይራወጥ ትከሻ ብቻውን ይናገራል። ጥሩ ጨፋሪ ትከሻውን አይገፋም፤ ይለቀዋል። ጀማሪ የሚደክመው ትከሻውን ሊያንቀጠቅጥ ሲታገል ነው።

፠ እስክስታ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ሩት ኤሼል የተባለች የዳንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያ ካሉ ቤተ እስራኤላውያን ተማሪዎች ጋር "እስክስታ" የተባለ የዳንስ ቡድን አቋቁማ ነበር። የአዲስ አበባው የፈንድቃ የባህል ማዕከል መሥራች መላኩ በላይም ይኸንኑ ትከሻ ይዞ ዓለምን ዞሯል።

፠ በቤተ ክርስቲያን ስግደት አንድ ዓይነት አይደለም። አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ አስተብርኮ ጉልበትን ማንበርከክ፤ ሰጊድ ግንባርን መሬት ማስነካት። በ55ቱ ቀን ጾም የሚሰግድ ሰው የዳሌን፣ የጉልበትንና የቁርጭምጭሚትን መገጣጠሚያ እስከ ጥጋቸው ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ይሰገዳል፤ ማታም በወይራ ቅጠል ጥብጣቤ ሲደረግ ካህኑ ተጨማሪ ስግደት ያዛል። ከዚያ ፋሲካ። በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም። አሠልጣኞች ከባድ ልምምድን በረዥም ዕረፍት ማስከተልን እንደ ትልቅ ጥበብ ያወራሉ።

፠ ሙስሊሙ ጎረቤት በቀን በአምስቱ የግዴታ ሶላቶች 17 ረከዓ ይሰግዳል። በየረከዓው ሁለት ሱጁድ ስላለ ግንባሩ በቀን 34 ጊዜ መሬት ይነካል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ በእያንዳንዱ አቋም ላይ ሰውነት እስኪረጋ መቆየት የሶላቱ አካል ነው። ችኮላ አይፈቀድም።

፠ እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች 23 ጤነኛ ሰዎችን መቁጠሪያ ይዘው በላቲን ጸሎት እንዲደግሙ፣ የዮጋ ማንትራም እንዲሉ አደረጓቸው። ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት አወረዱት፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ሞገድም ከትንፋሹ ጋር ገጠመ። ረዥም የዜማ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርድ መሪጌታም ሲያዜም ትንፋሹን ከማርዘም በቀር ምርጫ የለውም።

፠ ያውም በስስ አየር። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ አይሞላም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ደብረ ታቦር ዳገት ላይ ትከሻውን እየሰቀለ በደረቱ ሲተነፍስ ይታያል። መድኃኒቱ እርምጃን መቀነስና ትንፋሽን ወደ ሆድ ማውረድ ነው።

፠ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 አማሮችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም የደማቸው ኦክስጅንም ቆላ ካለ ሰው የተለየ አልነበረም። በአንዲስ ተራራ የሚኖሩት ደማቸውን አወፍረው፣ በቲቤት ያሉት በሌላ መንገድ የተላመዱትን ከፍታ የእኛ ሰዎች በራሳቸው መንገድ ተላምደውታል።

፠ ባዶ እግር ቤተ ክርስቲያን መቆም ለሚዛን ደግ ነው፤ የውስጥ እግር ቆዳ መሬቱን ያነባል። እርሻ ላይ ባዶ እግር መዋል ግን ሌላ ነገር ነው። በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ ለዓመታት ሲጠራቀም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ዝሆኔ የምንለው አንዱ ዓይነት ይህ ነው። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በባዶ እግር መሄድን እንደ አዲስ ፋሽን የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ሰምተው ይሆን?

፠ የደጋ ሰው ስለሚንቀሳቀስ ወገቡን አያመውም የሚል ወሬ ካለ አይመኑ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በጀርባ ታዝሎ ዳገት ይወጣል። ፎገራ ሜዳ ሩዝ የምታርም ሴት ጎንበስ እንዳለች ትውላለች። ይህ ሥራ እንጂ ሰውነትን ማፍታታት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ማን ፍጥነቱን ይወስናል የሚለው ላይ ነው፤ ማታ እሳት ዳር ጀርባን አስተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ወገብን በቀስታ ከመሬት ማስነካትና ማንሣት፣ ለአሥር ትንፋሽ ያህል ብቻ፣ ቀን ጎንበስ ብላ ለዋለችው የበለጠ ያስፈልጋታል።

፠ ጅራፍ ሲጮኽ የሚሰማው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ አየሩን ሲሰነጥቀው ነው፤ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ የደብረ ታቦር ልጆች ይህን ያደርጋሉ፣ ያለ ሞተር። ኃይሉ ከእግር ይነሣል፣ በዳሌ ያልፋል፣ በትከሻ ወጥቶ በላላ አንጓ ወደ ገመዱ ይፈሳል። ከመሃል አንዱ መገጣጠሚያ ከደረቀ ጉዞው እዚያው ይቀራል፤ ጅራፉ ፍስስ ይላል፣ ጓደኛ ይስቃል።

፠ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ቁርጥማት ያለበትን ሁሉ ይጠራል። ሙቀት ጡንቻን ያላላል፤ ስለዚህ መገጣጠሚያን በቀስታ ለማንቀሳቀስ ከውኃው እንደወጡ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

፠ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ሲያሽ የተኮማተረ ጡንቻ እፎይ ይላል። አጥንት ሲሰበር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ የቀርከሃ እስር ደም ዘግቶ እጅ ወይም እግር ያስቆረጠባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ከእስሩ በታች ያለው ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ያኔውኑ ይፈታ።

፠ አረጋዊ ወላጅ አለዎት? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክራን ግምገማ እንቅስቃሴ በአረጋውያን ላይ መውደቅን በ23 ከመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይመክራል። አባባ ግድግዳውን በአንድ ጣት ነካ አድርገው በአንድ እግር ቢቆሙ፣ ቀጥሎ በሌላው፣ እሱም ይቆጠራል። እምዬ ሳትደገፍ ከበርጩማ ተነሥታ ብትቀመጥ፣ እሱም።

፠ ወገብ ሲያም አልጋ ላይ መዋል ዛሬ አይመከርም፤ ቻል ያደረጉትን ያህል መንቀሳቀስ ይሻላል። እነዚህ ግን ለብቻ ናቸው፤ እግር እየደነዘዘ ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ሕመሙ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከጀመረ፣ ወደ ወጌሻም ወደ ፍል ውኃም ሳይሉ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ፊዚዮቴራፒ ካስፈለገዎ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ የግድ አይደለም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን ራሱ ያሠለጥናል።